ሦስት ወረዳና አንድ ባጃጅ

ሙኒያዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ሁለተኛው ረድፍ ይሻላል። የፊቱ ለክቡራን እንግዶች ነው፤ ከኋላ ደግሞ ድምፅ አይሰማም። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ቶሎ አገኘሽ? እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ሐኪሙ ለጉልበትሽ ጥሩ ነው ብሎኛል። ውሃ ጠጪ። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት የላስቲክ ጠርሙስ ነው የደረደሩት፤ የአካባቢ ጥበቃ በዓል ስለሆነ ይመስለኛል።

ለሦስት ሰዓት ተጠርተን ይኸው አራት ተኩል ሆነ... ምን ቸገረን? እስኪጀመር እናውራ። አንቺ ወረዳችን ከተመደብሽ ገና ሁለተኛ ሳምንትሽ ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሆነሽ የሰፈሩን ነገር ካላወቅሽ ይቸግርሻል። እኔ የኮምፖስት ሴቶች ሰብሳቢ ሆኜ አራት ዓመት ስለቆየሁ ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ስለ አንድ ሰው ነው የማጫውትሽ። ስማቸውን አልጠራም፤ ትልቅን ሰው በስሙ መጥራት ነውር ነው። ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ከፊታችን የተቀመጡትን ጌታ እንዳልረብሻቸው ብዬ ነው። ሱፋቸው እንዴት ያምራል...

የዛሬ ሁለት ዓመት ሦስት ጎረቤት ወረዳዎች ተሰብስበው ተፈራረሙ። የላይኛው ወረዳ ከእጽዋት ማዕከሉ ወዲህ ያለው ዳገት አለው። የታችኛው የአትክልት ገበያ አለው። እኛ መሃል ነን፤ ያለን ኮምፖስት የምንሠራባት አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች። ነገሩን ያሰበው ቶለሳ የሚባል የላይኛው ወረዳ የደን ባለሙያ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ግን ይገባሻል። "እትዬ ሠርካዲስ፣" አለኝ፣ "ገበያው የሚጥለው ጎመን ተከምሮ ሲበሰብስ የሚያወጣው ጋዝ ከመኪና ጭስ የባሰ አየሩን ያሞቃል። እናንተ ጋ መጥቶ ኮምፖስት ቢሆን፣ ኮምፖስቱ ዳገቱ ላይ ወጥቶ ችግኝ ቢያሳድግ፣ ዛፉ ደግሞ ጭሱን መልሶ ይይዘዋል። የምናወጣውና የምንመልሰው እኩል ሲሆን ነው የተጣራ ዜሮ ካርቦን የሚሉት። አንድ ወረዳ ብቻውን ግን አይደርስበትም።"

ለሦስቱም በጋራ አንድ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ተሰጠ። ሰኞና ሐሙስ ከታች ከጽዳት ኃላፊዋ ከኢፍቱ ጎመኑን ይጭናል፤ እኛ ጋ ያራግፋል፤ የደረሰውን ኮምፖስት ደግሞ ወደ ዳገቱ ያወጣል። አሥራ ሦስት ሴቶች በዚያ ሥራ ቤታችንን አስተዳደርን።

ታዲያ የጋራ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሲመረጥ እኚህ የምነግርሽ ሰው ተመረጡ። ከእኛው ወረዳ። እንዴት ያሉ ጥንቁቅ ሰው መሰሉሽ። በተመረጡ በሳምንቱ ባጃጁን ድልድዩ ላይ አስቆሙት። "የሌላ ወረዳ ቆሻሻ ያለ ደብዳቤ ወደ ወረዳዬ አይገባም" አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው። ጎመን መታወቂያ የለው፣ የየት ነዋሪ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ኢፍቱ ደብዳቤ ጻፈች። ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለች። ደግማ ጻፈች። ግልባጭ አልተደረገም ተባለች። ሦስተኛውን ይዛ ስትመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ... ስብሰባው ስለ ትብብር አስፈላጊነት ነበር መሰለኝ። ባጃጁ ሲመለስ የተራገፈው ጎመን ድልድዩ አጠገብ ሦስት ሳምንት ቆየ። ክረምቱ ገባና ዝናቡ ደብዳቤ ሳይጠይቅ ጠርጎ ወንዝ ከተተው። ሽታውን የሰፈሩ ሰው እስካሁን ያነሳዋል። እሳቸውን ግን አልሸተታቸውም፤ የቢሯቸው መስኮት በሌላ በኩል ነው። ጥሩ ቢሮ ነው።

ዳገቱ ላይ ደግሞ ሦስት ሺህ የወይራና የጽድ ችግኝ ለተከላ ደርሶ ኮምፖስት ይጠብቃል። ምን እናድርግ? ከበፊቱ የተረፈንን ኮምፖስት በጆንያ እየሞላን፣ እየተሸከምን ወጣን። አምስት ቀን ሙሉ። ጓደኛችን ሚልካ ወገቧን የተጎዳችው ያኔ ነው፤ ዛሬም ቀና ብላ አትሄድም። ሰብሳቢው መንገድ ላይ በመኪናቸው አገኙን። መስታወቱን ዝቅ አድርገው "በርቱ" አሉን። አየሽ? ሌላ አለቃ ቢሆን በዚያ ዝናብ መስታወት ዝቅ ያደርጋል? ወንበራቸው እኮ እየረጠበባቸው ነው።

የተከላው ቀን እሳቸውም መጡ። ነጭ ጫማ አድርገው፣ አምሮባቸው። ቶለሳ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ኮምፖስቱን ጨምሮ አዘጋጀላቸው። ችግኙን ከነላስቲኩ አስገቡት። ቶለሳ ጠጋ አለና ቀስ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ ላስቲኩ ካልወጣ ሥሩ መሄጃ የለውም" አላቸው።

"ፎቶው ይቅደም" አሉት።

ፎቶው ቀደመ። ከዚያ ስልክ ተደወለላቸውና ሄዱ። ፎቶው ግን ማማሩ... በሩ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን አይተሽው የለ? ይቅርታ፣ እሱስ የሌላ ሰው ነው፤ ጫማው ተመሳሰለብኝ። ከሦስት ሺው አብዛኛው ጸደቀ። ካልጸደቁት ውስጥ አንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

በዓመቱ ሪፖርት ተጻፈ። የዳገቱ ችግኝ በሙሉ የእኛ ወረዳ ሥራ ሆኖ መጣ። የወረዳችን ስም ያለበት ታፔላም ዳገቱ ላይ፣ የሰው ወረዳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። አረንጓዴ ቀለም ነው የቀቡት፣ ከአካባቢው ጋር እንዲስማማ። የላይኛው ወረዳ ደግሞ እነዚያኑ ችግኞች በራሱ ሪፖርት ጽፏቸዋል። ስለዚህ አንዱ ወይራ ሁለት ቦታ በቀለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ለም መሬት የት ይገኛል?

በጋራ ስብሰባው ላይ ቶለሳ እጁን አወጣ። እኔም ነበርኩ። "አንድን ዛፍ ሁለት ወረዳ ከቆጠረው ጭሱ ወረቀት ላይ ነው የቀነሰው፤ አየሩ ላይ እንዳለ ነው" አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው "ጥሩ አስተያየት ነው" አሉና ማስታወሻ ያዙ። ሰው ሲናገር ማስታወሻ የሚይዝ አለቃ ስንት አለ? በሳምንቱ ለላይኛው ወረዳ ደብዳቤ ደረሰው፤ ባለሙያው የትብብር መንፈስ ይጎድለዋል የሚል። የዚያኛው ደብዳቤ ማኅተም አልደበዘዘም። የላይኛው ወረዳም ትብብር የጠላ እንዳይመስልበት ብሎ ቶለሳን ወደ መዝገብ ቤት አዛወረው።

የደን ባለሙያ... ፋይል ይደረድራል። ሄጄ ጠየቅሁት።

"ሥራው እንዴት ነው ልጄ?" አልኩት።

"ወረቀትም ከዛፍ ነው የሚሠራው፣ እትዬ" አለኝ።

ሊያስቀኝ ብሎ ነው። እሱ ግን አልሳቀም። እኔም እዚያ ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም፤ የያዝኩለትን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከፊታችን ያሉት ጌታ አንገታቸው ላብ በላብ ሆነ። ሙኒያዬ፣ እስቲ መስኮቱን ክፈቺላቸው። ሙቀት ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የሚሉት ይሄው አይደል?

ምን ላይ ነበርኩ... አዎ፣ ከዚያ ያቺ የእኛ ባዶ ቦታ ለእንግዶች መኪና ማቆሚያ ተፈለገች። ዛሬ መኪኖቹ ተደርድረው ያየሻቸው እዚያ ላይ ነው፤ ከሥራቸው የአራት ዓመት አፈራችን አለ። ኢፍቱም ደብዳቤ መጻፍ ሰለቻትና ከላይኛው ወረዳ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ተስማሙ። ባጃጁ አሁን በዙሪያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ሩቅ ነው፤ እኛን ግን አይነካም። እኛም ዳገቱ ላይ አንድ ጥግ ተሰጥቶን እዚያው እንሠራለን። የአንድ ሰዓት ዳገት ስለሆነ አምስቱ አልቻሉም፤ ሚልካም ቀረች። ቶለሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ሳያዘው ይመጣል፤ ሲያጠጣና ሲኮተኩት ውሎ ይሄዳል። ወይራዎቹ ጉልበቴን አልፈዋል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ይዞ እያሳየኝ ሳለ ፊቱ በራ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ወረዳችንስ አትይኝም? ወረዳችን ከሁሉም ቀድሟል። ሌሎቹ ዜሮ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት ይቀረናል እያሉ ይደክማሉ። እኛ ጎመን ዜሮ፣ ኮምፖስት ዜሮ፣ ባጃጅ ዜሮ... ደርሰናል። አንድ ሰው ብቻቸውን እዚህ ያደርሱናል ብሎ ማን አሰበ?

አንቺን ያጫወትኩሽ እንዲሁ አይደለም። የዘንድሮው ሪፖርት ነገ ጠዋት ጠረጴዛሽ ላይ ይመጣል፤ የባለሙያ ፊርማ ይፈልጋል። ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም፤ እኔ ማን ነኝ? አፈር የማገላብጥ ሴት ነኝ። ግን የምትፈርሚበትን ዳገት አይተሽዋል? ቅዳሜ እወስድሻለሁ። ቶለሳ ዛፎቹን አንድ በአንድ ያሳይሻል። ፊርማው እስከ ቅዳሜ ቢቆይ ምን ይሆናል... ጎመን እንኳ ሦስት ሳምንት ቆይቷል።

እሺ፣ ተጀመረ። ቶለሳን አልጠሩትም፣ አየሽ? ኢፍቱንም አላየኋትም። ምን ይሁን ብለው ነው፤ ወንበሩ ያንሳል። ስሚ... "ለላቀ የወረዳ ለወረዳ ትብብር" የሚል የምስክር ወረቀት ነው። ይገባቸዋል። ሰውዬው ተነሱ... ለካ እኚሁ ከፊታችን የነበሩት ናቸው። እኔ ምን አውቄ። አጨብጭቢ እንጂ ሙኒያዬ።

እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ። ኧረ ስለ እርስዎ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ጨዋታ ነው። እርስዎንማ እንመርቅዎታለን እንጂ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ። እነሱም ወልደው ከብደው፣ ቤት ሠርተው ሲቀመጡ... በግራም በቀኝም ልክ እንደ እርስዎ ያለ ጎረቤት ይስጣቸው።