የአንኳኪዋ ሳሎን

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ ይልቁንም ቅዳሜ ዋነኛ የገበያ ቀናችሁ ሆኖ ሳለ መደባችሁን ዘግታችሁ የተገኛችሁ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች፣ ስለ መምጣታችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ሬሳ ሣጥኑን ከቤት ያወጡት ስድስት ሰዎች ክብደቱ እንዳስደነቃቸው፣ ደረጃውን ሲወርዱም ከውስጡ አንዳች ነገር ሲቅጨለጨል እንደ ሰሙ ተናግረዋል። የተሰበረ ነገር የለም፤ ምክንያቱም በቦታው ይነገራል። የሟቿ ሴት ልጅ የእናቷ ታሪክ ሲነበብ ምንም እንዳይጎድልበት አጥብቃ ስለ ጠየቀች፣ ታናሽ ወንድማቸው የሚያውቀውን ሁሉ እንደሚከተለው ጽፎታል።

ሟቿ ለእንጨት ሠሪ አባታቸውና ለእናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የተወለዱት የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የሚኮራበት ነገር ቢኖር መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ፣ ሰማያዊ አበባ የተሣለባቸው አራት የሸክላ ኩባያዎች ነበሩ፤ እነርሱም ለእንግዳ እንጂ ለልጅ አይወጡም። ሟቿ በዘጠኝ ዓመታቸው ከአራቱ አንዱን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡና እጀታውን በድንጋይ አንድ ጊዜ ብቻ መትተው ካነሡለት በኋላ መልሰው ቦታው ላይ አኖሩት። ጥፋቱ በአምስት ዓመቱ ወንድማቸው ላይ ተላከከና በአባቱ ቀበቶ ተገረፈ፤ እርሳቸውም ቆመው አዩ። እጀታ የሌለው ኩባያ ለእንግዳ ስለማይቀርብ ለልጆች ተሰጠ፤ ከልጆቹም ለታላቂቱ ደረሰ። እስከ መጨረሻዋ ዓመታቸው ድረስ ሻይ ሲጠጡበት የኖሩት ይኸው ኩባያ ነው። አንድን ነገር የራስ ለማድረግ ሌላው ሰው እንዳይፈልገው ማድረግ እንደሚበቃ በዚያች አንዲት ከሰዓት በኋላ ስለ ተማሩ፣ ኋላ በትምህርት ቤት ያሳለፏቸው አሥር ዓመታት በእውቀታቸው ላይ እምብዛም አልጨመሩም።

ከትምህርት በኋላ ልብስ ስፌት ተምረው፣ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ረጅም ጠረጴዛ በያዘች ምድር ቤት ውስጥ የመጋረጃ ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው የተመሰገነ ነበር፤ ስፌታቸው አይዘምም፣ እጥፋታቸውም አይላላም። መስኮት ለመለካት የሰው ቤት የሚገባ ሰው የሰውን ቤት እንዳሻው ለማየት ፈቃድ ያገኘ ያህል ነውና፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከመስኮቱ ይልቅ ቡፌውን ሲለኩ ያገኟቸው ደንበኞች ጥቂት አልነበሩም።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ከነበሩት ከባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ከልጆቹ ጋር እኩል እየሞላ የሄደው ሳሎኑ ነበር። እግሩ በአንበሳ መዳፍ አምሳል የተቀረጸ ቡፌ፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ መስታወት፣ መንታ ፋኖሶች፣ ባለማዞሪያ የሸክላ ማጫወቻ፣ ከበሩ ትይዩ የግድግዳ ሰዓት፣ ሁለት ባለቆዳ ወንበሮች፤ ሁሉም ያረጀ፣ ሁሉም የተወለወለ፣ ሁሉም አንዳች ያልጎደለው። ባለቤታቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ ኖሩ። በባለቆዳው ወንበር ላይ የተቀመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም ልባቸውን አሟቸው መቆም ሲሳናቸው ነው። ሟቿም፣ «ተነሥ እንጂ፣ ቆዳው ሊሰነጠቅ ነው» አሏቸው። ተነሡ። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ውስጥ ዐረፉ። ወንድ ልጃቸው ከአባቱ ቀብር በኋላ ሻንጣውን አንሥቶ፣ «የምቀመጥበት ወንበር ሲገኝ ጥሩኝ» ብሎ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ዛሬ መጥቷል፤ ከኋላ ቆሟል።

ሟቿ በአሮጌ ዕቃ ገበያ «አንኳኪዋ» በሚል ቅጽል ይጠሩ እንደ ነበር ነጋዴዎቹ ያውቃሉ፤ እርሳቸውም ያውቁ ነበር፤ አልከፋቸውም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ነጋዴው ሸራውን ዘርግቶ ሳይጨርስ ደርሰው፣ የወደዱትን ዕቃ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፣ ገልብጠው ሥሩን ያያሉ፣ ከዚያም ሐኪም መጥፎ ወሬ ሲያረዳ እንደሚያደርገው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ውስጡ ተበልቷል» ይላሉ። ይህን ገበያተኛ ሁሉ ያደርገዋል። ነጋዴዎቹ እስከ ዛሬ የማያውቁት ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው።

ነጋዴው ፊቱን ባዞረ ጊዜ ከዕቃው ላይ አንድ ነገር ያነሣሉ፤ የስኳር ዕቃ ከሆነ ክዳኑን፣ ፋኖስ ከሆነ መስታወቱን፣ ሣጥን ከሆነ ቁልፉን። ያነሡትን ግን ይዘው አይሄዱም፤ ይህን እንደ ሌብነት ይቆጥሩት ነበርና ሌባን አጥብቀው ይጸየፉ ነበር። ወደ ገበያው ሌላ ጫፍ ወስደው ማንም ከማያገላብጠው ከዛገ ብሎንና ከተሰበረ መሣሪያ ክምር ሥር ይሸሽጉታል። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ጎደሎውን ዕቃ የሚጠይቅ ይጠፋል። በአራተኛው ቅዳሜ ሟቿ ብቅ ይላሉ። አንድ ፋኖስ ሻጭ በዚያ ቀን፣ «እትዬ፣ መስታወቱ እኮ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደ በላው እንጃ» ቢላቸው፣ «እኔ ሳየው አልነበረም። አሁን ለማን ይሆናል ብለህ ነው? ስታዝን ባይህ ጊዜ ነው እንጂ እኔም ቦታ የለኝም፤ ስጠኝ እስቲ፣ አበባ አደርግበታለሁ» ብለው ወሰዱለት። ሻጩ አመስግኗቸዋል። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በብሎን ሻጩ በኩል አልፈው መስታወቱን ከሸሸጉበት አወጡ።

ከእነዚህ ሻጮች መካከል የሟች ባሏን የሸክላ ማጫወቻ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ማዞሪያው ሲጠፋባት ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የገበያውን መሬት በእጇ እየዳሰሰች ፈለገች፤ እቤት ረስቼው ይሆናል ብላ አልጋዋን ገለበጠች፤ በመጨረሻም ላገኘችው ሰው ሁሉ፣ «እኔ ነኝ፣ አእምሮዬ ነው የሄደው» ማለት ጀመረች። ልጆቿም አመኗትና ከቤት እንዳትወጣ ከለከሏት። ማጫወቻውን ለሟቿ ያስረከበችው ታላቅ ልጇ ናት። ሟቿ ይህን ታሪክ ለወንድማቸው የነገሩት በማጫወቻው ሙዚቃ ከፍተው፣ እግራቸውን እየመቱ ነው። እርሱም ሰማ፤ ሴት ልጃቸው የቀዳችለትን ሻይ ጠጥቶም ወደ ቤቱ ሄደ።

ሴት ልጃቸው ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት የግድግዳው ሰዓት ቆመ፤ በገበያው መግቢያ ትንሽ ክፍል የነበረው ሰዓት ሠሪም ሊያበጀው ወደ ቤት መጣ። አንድ ቀን የሚበቃውን ሥራ በሦስት ቀን ጨረሰ፤ ሦስቱንም ቀን መብራት የያዘችለት እርሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር ተያዩ። ሌላ ከተማ ሥራ ሲያገኝም ደብዳቤ ጻፈላት፤ ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት አውቶቡስ ተራ እንደሚጠብቃት፣ ካልመጣች ግን እንዳልፈለገችው ቆጥሮ ዳግመኛ እንደማያስቸግራት የሚገልጽ ነበር። ደብዳቤውን እንዲያደርስለት የሰጠው ለአጎቷ ነው። አጎቷ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር፤ ስድስት መቶ ተማሪ ይፈራው ነበር፤ እርሱ ደግሞ እኅቱን ይፈራ ነበርና ደብዳቤውን ለእኅቱ ሰጠ።

ሟቿ ደብዳቤውን በቡፌው መካከለኛ መሳቢያ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። በማግሥቱ ወደ ሰዓት ሠሪው ክፍል ሄደው፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ፣ «ልጄን ብትወስዳት ለእኔም ዕረፍት ነው፤ ግን ልደብቅህ አልወድም፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ሲነሣባት ሁለት ሰው ነው የሚይዛት» አሉት። እርሱም ከራሷ እሰማለሁ ብሎ ረቡዕ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ጠበቀ። አልመጣችም፤ ምክንያቱም የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት እናቷ መጋረጃ እያጠፉ፣ «ሰዓት ሠሪሽ ነቅሎ ሄደ አሉ፤ ስምሽን እንኳ አላነሣም» አሏት። እርሷም መጋረጃውን በሌላኛው ጫፍ ይዛ ማጠፍ ቀጠለች፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመትም ከዚያ ቤት አልወጣችም።

ባለፈው ዓመት ሟቿ ዕድሜያቸው መግፋቱን ሲያዩ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ሁሉም እንዳለ ይቀመጥ፤ አንዲት ማንኪያ እንዳትሸጪ፤ አንቺም እዚሁ ሆነሽ ጠብቂው» ብለው ቃል አስገቧት። «እሺ እማዬ» አለች። ከሦስት ወር በፊት በድንገት ወድቀው ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ታሰረ። ቁም ሣጥኑ የመኝታ ቤቱን በር አጥብቦት የሕመምተኛ አልጋ ስለማያስገባ ሳሎን ውስጥ ተነጠፈላቸው፤ በዚህም ምክንያት የሰበሰቡትን ሁሉ ተኝተው የማየት ዕድል አገኙ። ሰውነታቸው አይታዘዝ እንጂ ዓይናቸውና ልባቸው እንደ ድሮው እንደሆኑ ሐኪሙ አረጋግጧል።

በአምስተኛው ቀን ሐኪም ቤቱ የመታወቂያ ወረቀታቸውን ስለ ጠየቀ ልጃቸው ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትታ መሳቢያውን ከፈተች። ደብዳቤውን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሾርባቸውን አሙቃ፣ ትኩስ እንዳይሆን በከንፈሯ ቀምሳ፣ እስከ መጨረሻው አጎረሰቻቸው። ለአጎቷም ደውላ ሰውዬውን እንዲያፈላልገው ነገረችው፤ ለምን እርሱን እንደ መረጠች አልነገረችውም፤ እርሱም አልጠየቀም። ሰዓት ሠሪው በስልክ ሲገኝ አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል፤ ድምፁ የደህና ሰው ድምፅ ነው። «ያቺ በሽተኛ ልጅ» አለ፣ «ዳነችላችሁ?» እርሷ ከአጎቷ ጎን ቆማ ትሰማ ነበር። አጎቷም «ድናለች» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በማግሥቱ ጠዋት የስኳር ዕቃው ክዳን አልነበረም። በነጋታው ከመንታዎቹ ፋኖሶች የአንዱ መስታወት ታጣ፤ ከዚያም የማጫወቻው ማዞሪያ፣ የሣጥኑ ቁልፍ፣ የመሳቢያው እጀታ። በቀን አንድ፣ ከአንድም አይበልጥ። ሟቿ በነቁ ቁጥር ዓይናቸው ከግድግዳ ግድግዳ እየዞረ የዕለቱን ጎደሎ ይፈልግ ነበር፤ ባገኘው ጊዜም እዚያው ተተክሎ ይውላል። ልጃቸው በዚህ ሁሉ ጊዜ አላመናጨቀቻቸውም፤ ገላቸውን በሰዓቱ አጥባለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣለች። ወንድማቸው ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ «ክዳኑ የት ሄደ?» ቢላት፣ «ይገኛል፣ አጎቴ» አለችው። «እማዬ ሁልጊዜ ታገኘው የለ?» እናቷ ይህን ሲሰሙ ከግራ ዓይናቸው ዕንባ ወረደ። ልጅቱም በንጹሕ መሐረብ ጠረገችላቸው።

በስልሳ ሦስተኛው ቀን ልጃቸው ወንበር ላይ ወጥታ፣ የግድግዳውን ሰዓት ከፍታ፣ ፔንዱለሙን አወረደች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሟቿ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዓይናቸው ሰዓቱ ላይ እንደ ተተከለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በሣጥኑ ውስጥ የሚቅጨለጨለው እንግዲህ ይህ ነው። ስልሳ ሦስቱም ክዳኖች፣ መስታወቶች፣ ቁልፎችና እጀታዎች፣ ፔንዱለሙም ጭምር፣ በራሳቸው በሟቿ የመጋረጃ ጨርቅ ተጠቅልለው ከእግራቸው ሥር ተቀምጠዋል፤ በጉዞው ጨርቁ ሳይላላ አልቀረም። ብዙዎቻችሁ የቤቱ ዕቃ መቼ እንደሚሸጥ ለመጠየቅ ጭምር እንደ መጣችሁ ቤተሰቡ ያውቃል፤ አይቀየማችሁም። ልጃቸው አንዲት ማንኪያ ላትሸጥ ቃል ገብታለች፤ ቃሏንም ትጠብቃለች። በመጪው ቅዳሜ በሩ ክፍት ነው፤ ከእናንተ የተወሰደውን እየለያችሁ በነጻ ውሰዱ። የጎደለውን ግን አትጠይቋት። እርሷ በዚያን ቀን እዚያ አትኖርም፤ ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት በሚነሣው አውቶቡስ ትሄዳለች፤ ወዴት እንደሆነ ለአጎቷ አልነገረችውም።

ሟቿ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። ለወንድማቸው እጀታ የሌለው ኩባያ ተሰጥቶታል፤ ዛሬ ጠዋት የእኅቱ ልጅ በእጇ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት፤ አሁንም እዚያው አለ።

ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ በጣቱ ሳያንኳኳ፣ ገልብጦም ሥሯን ሳያይ፣ እንዳለች ይቀበላት። ለቀረነውም እንዲሁ ያድርግልን።