የሠላሳ ሰባት ቁጥር ቅርጫት

እዚህ የቆማችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቼ፣ የገንዳው ባልደረቦቼ፣ እናንተም በእሷ እጅ ዋና የተማራችሁ ልጆች፤ አክብራችሁኛልና ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳችኋለሁ።

ይህን ሌላ ሰው ያንብብልሽ ብለውኝ ነበር። ወንድሜ ወረቀቱን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ስጽፍም ቀርፋፋ ነኝ። ግን ያማጥኳት እኔ ነኝ፤ የማነብበውም እኔ ነኝ። ድምፄ ከተቋረጠ ጠብቁኝ። አልጨረስኩም ማለት ነው።

ይህን ከረጢት አይታችሁታል። ከጠዋት ጀምሮ ከብብቴ አልወጣም። እህቴ “አምጪው፣ እኔ ልያዝልሽ” እያለች ስትለምነኝ ሰምታችኋል። ምን እንዳለበት እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ገንዳው ላውራ።

የሕዝብ መዋኛውን የማያውቅ ከእናንተ መሃል ማን አለ? በሩን ሲገፉት የሚያቃስተውን? ገና ከመንገድ አፍንጫ ውስጥ የሚገባውን የክሎሪን ሽታ? እርጥቡን ወለል፣ በእንፋሎት የደበዘዘውን መስኮት፣ “መሮጥ ክልክል ነው” የሚለውን ማስታወቂያና ከሥሩ የሚሮጡትን ልጆች? ልክ እንደገባችሁ በስተግራ ባንኮኒ ነበር። ከባንኮኒው ኋላ እኔ ነበርኩ።

ልብስ አስቀማጭ ነበርኩ። የመጣው ሰው ልብሱን በሽቦ ቅርጫት አድርጎ ያስረክበኛል። እኔ የቅርጫቱ ቁጥር ያለበትን ላስቲክ እሰጠዋለሁ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያጠልቃል። ዋኝቶ ሲወጣ ላስቲኩን ይመልስልኛል፤ ልብሱን እመልስለታለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። የሰው ልብስ ተቀብሎ ለባለቤቱ መመለስ።

አንድ ሕግ ነበረን። ማንም አልጻፈውም፤ ሁላችንም ግን እንፈራው ነበር። ሲመሽ መደርደሪያው ላይ ቅርጫት ከቀረ በር አይዘጋም። ለምን? ልብሱን ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለማ። ቅርጫት ቀረ ማለት ሰው ውሃ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ልጄ ያደገችው በቅርጫት ውስጥ ነው። አባቷ ሳትወለድ ሄዷል፤ ዛሬ ስለ እሱ አላወራም። ሥራ ስመጣ የማስጠብቃት ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ከታችኛው መደርደሪያ ትልቁን ቅርጫት፣ ሠላሳ ሰባት ቁጥርን፣ ፎጣ አነጠፍኩበትና አስተኛኋት። ጸባየኛ ነበረች። የውሃው ድምፅ ያስተኛት ነበር።

አንድ ቀን ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ላስቲካቸውን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረጉልኝ። ቁጥራቸው ሃያ ሰባት ነበር። እኔ በችኮላ ሠላሳ ሰባትን ስቤ ፊታቸው አኖርኩላቸው። ፎጣውን ገለጥ አደረጉ። ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ፣ “አንቺ ልጅ፣” አሉኝ፣ “እኔ ያስቀመጥኩት ሱሪ ነበር። ይሄ ያዛጋል።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ “ይውሰዱት ጋሼ! ትንሽ ይጠብብዎታል እንጂ ጨርቁስ ደህና ነው!” አላቸው።

“ሱሪዬ ቢጠፋ ሌላ እሰፋለሁ፤” አሉኝ ቅርጫቱን መልሰው እየገፉልኝ። “ይቺን ግን ለማንም አሳስተሽ እንዳትሰጪ።”

ጋሼ፣ እዚያ ቆመዋል፤ አይቼዎታለሁ። ያን ቀን መልሰውልኛል። የዛሬውን ማን ይመልስልኝ?

ከቅርጫቱ ስትወጣ ቀጥታ ወደ ውሃው ሄደች። ጉርጥ ያላት የገንዳው ጠባቂ ነው፤ እግሯን አንፈራጣ ስለምትዘል። ቅጽል ስሙ በዚያው ቀረላት። እኔም የጉርጧ እናት ሆንኩ። ሰው በሌላ ስም የጠራኝን ጊዜ አላስታውስም። ጠባቂው ፊሽካ ይነፋል፤ ልጆቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ እሷ ጣቷን ቀስራ “አንዴ ብቻ!” ትላለች። ትዘላለች። ትወጣለች። “አንዴ ብቻ፣ እማዬ!” ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። “ነይ ውጪ፣ ትሞቻለሽ!” እላታለሁ። “አልሞትም! አንዴ ብቻ!”

ስንቴ “አንዴ ብቻ” አለችኝ? ማን ቆጠረ? የሚያልቅ መስሎኝ መች ቆጠርኩ?

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የሆነውን ልንገራችሁ። ጠባቂው ያውቀዋል። አንድ ቀን አሻፈረኝ ስትል ባንኮኒውን ትቼ መጥቼ በጓደኞቿ ፊት ጮህኩባት። ወጣች። ፊቷ እንደ ክረምት ደመና ጠቁሯል። አላየችኝም። እኔ ወደ ወረፋዬ ተመለስኩ። ሰው አለቀ፤ መሸ። ጠባቂው መደርደሪያውን ሊያይ ገባ። ሲመለስ ድምፁ ሌላ ነበር።

“የጉርጧ እናት፣ ቅርጫት ቀርቷል።”

“የስንት ቁጥር?”

ቁጥሩን አልጠራውም፤ ወደ ውሃው ዞረ። ሲዞር አወቅሁ፤ ሠላሳ ሰባት ነው።

ከነጫማው ዘለለ። የጽዳት ሠራተኛዋ በመጥረጊያዋ እንጨት ውሃውን ትነካካለች፤ ትጮሃለች። እኔ ዋና አልችልም። ስንት ዘመን ከውሃ ዳር ስኖር ዋና አልችልም። ገባሁ። ቀሚሴ ከብዶ ወደ ታች ይጎትተኛል፤ በእግሬ ጣቶች ወለሉን እዳብሳለሁ። ምን እንደምፈልግ ታውቃላችሁ? በእግሬ የልጄን ፀጉር ነበር የምፈልገው።

ያኔ ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማን።

“እማዬ፣ የቤቱን ቁልፍ ስጪኝ። በርዶኛል።”

በባዶ እግሯ፣ በዋና ልብሷ፣ መንገዱን አቋርጣ ቤት ደርሳ ነበር። አኩርፋ! ልብሷን ከእኔ እጅ ላለመቀበል! ቤቱ ተቆልፎ ስታገኘው ተመለሰች። እኛን አየችን፤ እኔን እስከ ደረቴ፣ ጠባቂውን ከነጫማው። ቅንድቧን አኮማትራ፣ “ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል ነው ትሉን የለም እንዴ?” አለች።

ጠባቂው ሳሉን እየሳለ፣ “ኧረ አንቺ ጉርጥ፣ ልብ የለሽም እንዴ? ልብስሽንስ ጎረቤት ይለብስልሽ?” አላት። ከዚያ ዞር ብሎ ፊቱን በእርጥብ እጁ ጠረገ። እንባው እንዳይታይበት ነው። አየሁት።

ልመታት እጄን አነሳሁ። የተነሳው እጄ አቀፋት። በዚያች ሰዓት ሁለት ቃል ተገባ። እሷ፣ “ሁለተኛ ልብሴን ሳልወስድ አልሄድም፣ እማዬ” አለችኝ። እኔም፣ “ልብስሽ እኔ ጋ እያለ እኔም በር አልዘጋም” አልኳት።

አደገች። ሌላ ሥራ ልታገኝ ትችል ነበር። እዚያው ገንዳ ተመልሳ አስተማሪ ሆነች። ውሃ የሚፈሩትን ልጆች ለእሷ ነበር የሚሰጧት። እዚህ ያላችሁ ልጆች፣ ምን ትላችሁ ነበር? “ውሃው አይበላችሁም፤ ቀድሞ እኔን ቀምሶ ተፍቶኛል” አልነበር? ትስቁ ነበር። እየሳቃችሁ እግራችሁ ከወለሉ ይለቅ ነበር። በማንኛችሁም ላይ ጮኻ አታውቅም። “አንዴ ብቻ” ስትሏት አንዴ ትጨምርላችሁ ነበር፤ አንዳንዴም ሁለቴ።

ከዚያ ደሟ ታመመ። የሕመሙን ስም ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እዚህ ግን አልጠራውም። የሆስፒታሉ አልጋ ላይ እንደተኛች ቁጥር ያለበት ፕላስቲክ አንጓዋ ላይ አሰሩላት። እጇን ከፍ አድርጋ አሳየችኝና፣ “እማዬ፣ ላስቲክ ሰጥተውኛል። ቅርጫቴን ያዢልኝ እሺ?” አለችኝ። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ነርሷ ምን እንዳሳቀን አልገባትም።

በመጨረሻው ጠዋት ወለሉን ሲያጥቡ ዓይኗን ገለጠች። የክሎሪኑ ሽታ ነው የቀሰቀሳት።

“ገንዳው ክፍት ነው?”

“ክፍት ነው፣ ልጄ።”

“አንዴ ብቻ፣ እማዬ።”

“ሺህ ጊዜ፣” አልኳት። “ሺህ ጊዜ ዝለዪ። ማንም አይጠራሽም።”

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ድሮ እንዲህ ሲሆን ፎጣ ይዤ እጠራት ነበር። እየተነጫነጨችም ቢሆን ትወጣልኝ ነበር። ጠራኋት። ብርድ ልብሱን ዘርግቼ ጠራኋት። ጮህኩ። ሰዎች መጥተው ያዙኝ።

ከዚያ በኋላ ነርሷ ይህን ከረጢት ባንኮኒ ላይ አኖረችልኝ። “የልጅዎ ልብስ ነው፤ ይረከቡ” አለችኝ። እናንተዬ፣ ስንት ዘመን ልብስ ሳስረክብ ኖርኩ! ባለቤቱ ፊቴ ሳይቆም ልብስ አውጥቼ አላውቅም። “ባለቤቷስ?” አልኳት። “ባለቤቷስ የታለች?” ነርሷ አለቀሰች። ምን ታድርግ? የእሷ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ ከረጢቱ ይኸው። ክርኑ የተጣፈ ሹራብ አለበት። ቀሚስ አለ። ተረከዙ የተበላ ጫማ። የፀጉር መያዣዋ አንድ ዘለላ ፀጉር ይዞ ቀርቷል። ፊሽካዋም አለች። እህቴ ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው ትለኛለች። ወንድሜ አብሮ ይቀበር ይላል። ሁለቱም ለእኔ አዝነው ነው። ግን እንዴት አድርጌ? ባለቤቷ ያዢልኝ ብላኛለች።

ፈጣሪንስ ምን ልበለው? ሌሊት ስጠይቀው አደርኩ። እንደ እኔ ቸኩለህ ነው? ወረፋ በዝቶብህ የሌላ ሰው ቁጥር ስበህ ነው? እንግዲያው እንደ ልብስ ሰፊው ሁን። ገልጠህ እያት። “ያልኩት ይህችን አልነበረም” በልና ወደ እኔ መልሰህ ግፋት። እኔን ውሰድ። ያረጀሁትን፣ ያለቅሁትን ውሰድ። ይህን ብዬ ለመንኩት። ነጋ። አልመለሳትም።

ጠባቂው ጓደኛዬ፣ አንተም ጉልበትህ ደክሟል። አትዘልላትም። እኔም ዛሬም ዋና አልችልም። ይህ ደግሞ ውሃ አይደለም፤ በእግሬ አልዳብሰውም።

ጉርጤ። ልጄ። የቅርጫቴ ልጅ። ወንዶቹ አካፋቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። በር ሊዘጉ ነው። ተቆጥተው አይደለም፤ መሽቶባቸው ነው። ይዝጉ። እኔ ግን እንድዘጋ አትጠብቂ። ቅርጫት ቀርቶብኛል። ቃልሽን አላፈረስሽም፤ ሳትወስጂው የሄድሽው አኩርፈሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም የእኔን አላፈርስም። አጥበዋለሁ፣ አጥፈዋለሁ፣ ከታችኛው መደርደሪያ አኖረዋለሁ። እስክመጣ ድረስ ብርዱን ቻዪው። አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ድምፅሽን ባሰማሽኝ፤ አይሆንም፣ አውቃለሁ።

በይ ደህና ሁኚ፣ ልጄ። ልብስሽ ደረቅ ነው። እኔ ጋ ነው።