ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠበው ማቀዝቀዣ

ወጣቷ ሐኪም ሙሌንጋ የረሳችውን ዣንጥላ ልትወስድ ቅዳሜ ጠዋት ኪትዌ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ብቅ ባትል ኖሮ፣ የላቦራቶሪው ሹም ባሺ ካንግዋ ልማዳቸውን ይዘው ጡረታ በወጡ ነበር። ሽማግሌው የማቀዝቀዣውን በር ወለል አድርገው በረዶውን ይፍቃሉ። የካንሰር ሕመምተኞች ደም የያዙት ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ያልባቸዋል።

“ባሺ ካንግዋ! ምን እያደረጉ ነው?”

“አታዪም? አጸዳለሁ። ዩኒቨርሲቲ መጥረጊያ አያስይዟችሁም መሰለኝ።”

“በየሳምንቱ?”

“እንዴታ! እኔ ባለሁበት ቆሻሻ አይከርምም።”

“ደሙስ? ቀልጦ በረዶ ይሆናል፣ እንደገና ይቀልጣል!”

“ውሃ በረዶ ሆኖ ቢቀልጥ ውሃነቱን ይተዋል እንዴ?”

“ይሄ ውሃ አይደለም! ውስጡ የካንሰሩ ምልክት አለ። አንዳንዱ ምልክት መቅለጡን ይችለዋል፤ አንዳንዱ ይፈርሳል። የፈረሰውን ማሽኑ አያየውም። የታማሚያችን የባና ቾላ ደም፣ የመመርመሪያው ኬሚካል እስኪመጣ፣ እዚህ ከረመ። ‘ምልክቱ ጠፍቷል’ ብለን ሕክምናዋን አቆምን። ትናንት ገበያ አየኋት፤ ሆዷ ተነፍቷል፤ ሕመሙ ሳይመለስ አልቀረም።”

“አንቺ ልጅ፣ ገዳይ ልትይኝ ነው?”

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መብራት ሲጠፋ ቀልጦ፣ ሲመጣ መልሶ በረዶ የሆነ ዓሣ ይገዛሉ?”

“ምን በወጣኝ! ሲነኩት ይፈረካከሳል። ለዚህ አይደል ከባና ቾላ በቀር ከማንም የማልገዛው? እሷ የቀለጠ...”

 መፋቂያውን አስቀምጠው ጠረጴዛው ላይ ወዳሉት ብልቃጦች ዞሩ።

ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ በዚያ በር ሲያልፍ “እንዴት ያበራል!” እያለ አመስግኗቸዋል፤ ሲታጠብ ደሙ የት እንደሚውል የጠየቀ አንድም የለም።

“ታዲያ በረዶው ተራራ ሲያክል ዝም ልበል?”

“አይበሉ። መጀመሪያ ብልቃጦቹ ወደ ሌላ ማቀዝቀዣ ይግቡ። ደሙ በተቀዳበት ዕለት በትንንሽ ብልቃጥ ይከፈል፤ ለምርመራ አንዱ ብቻ ይውጣ፣ የቀለጠው አይመለስ። ያኔ ውጤቱን እናምነዋለን፤ ታማሚም በከንቱ ደህና ነሽ አትባልም። ባና ቾላን ሰኞ እናስጠራታለን።”

“ሰኞ ድረስ ማን ይጠብቃል?” ብለው ካፖርታቸውን አወለቁ።

ገበያ ሲደርሱ ባና ቾላ ዓሣ አነሳችላቸው።

“ዓሣ አልፈለግሁም። ተነሽ፣ ሆስፒታል እንሂድ። ድነሻል ያልንሽ ሐሰት ሊሆን ይችላል። የመረመርነው ደጋግሜ ያቀለጥኩትን ደም ነው።”

ሴትዮዋ ዓሣውን መልሳ አስቀመጠች።

“እኔ ለእርስዎ የቀለጠ ሸጬልዎት አውቃለሁ?”

ቅርጫቷን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ሆስፒታሉ ወሰዷት።

አዲስ በተቀዳው ደሟ የካንሰሩ ምልክት ተገኘ፤ ሕክምናዋም ሳይውል ሳያድር ቀጠለ። ማቀዝቀዣው ዛሬም ይታጠባል፤ ባዶውን።