በር የሌለው መሥሪያ ቤት

የቆሻሻ መኪናው መምጣቱን የሚያሳውቅበት ዜማ ሲሰማ የቆሻሻ ፌስታሌን ይዤ ወጣሁ። ከጎረቤቴ ከልያው ጋር የተገናኘነው እዚያው መንገድ ዳር ነው። ልያው እዚህ ታይዋን፣ ታይናን ከተማ ውስጥ ባንክ ሲጠብቅ ያረጀ፣ ጥላውን እንኳ የማያምን ሰው ነው። ያን ምሽት አንድ እጁን ከደረት ኪሱ ላይ አላነሳም።

«ምነው ወንድም ልያው፣ ልብህን አመመህ እንዴ?» አልኩት።

«የልጄ መታወቂያ ነው፣ መምህር። ያለ እሱ ውል እንዳትፈርም ደብቄባታለሁ። በር የሌለው መሥሪያ ቤት ሊቀጥራት ነው!»

ልጁ ጂንሹ የኮምፒውተር ኢንጂነር ናት። ሊቀጥራት ያሰበው ሠራተኞቹ ሁሉ ከየቤታቸው የሚሠሩለት አዲስ ኩባንያ ነበር።

«እጅሽን እንኳ ሳንጨብጥ ደሞዝ እንከፍልሻለን ይሏታል! ገንዘቧን ለአጭበርባሪ ልትልክ የመጣች ስንት አሮጊት እጇን ይዤ መልሻለሁ፤ የራሴን ልጅ ላስበላ?»

«ታዲያ የት ትሥራ?»

«ወደ ሰሜን ሄዳ ፋብሪካ ትግባ። እዚያ በርም አለ፣ ዘበኛም አለ።»

«አንተስ ብቻህን ልትቀር?»

«እኔ ምን እሆናለሁ?» አለና ፌስታሉን ወደ መኪናው ወረወረው። ልጁን ከማጣት ይልቅ መታለሏን እንደሚፈራ ገባኝ፤ አዘንኩለትም።

በማግስቱ ጠዋት የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ስለነበር ልያው መጥቶ «ዳኛ ይሁኑን» ብሎ ቤቱ ወሰደኝ። ጂንሹ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ጠበቀችን።

«አባባ፣ መታወቂያዬን ስጠኝ። ይሄ ጨዋታ አይደለም።»

«ከአልጋ ተነስቶ ወንበር ላይ መቀመጥ ሥራ ከተባለማ እኔም ሥራ አስኪያጅ ነኝ!»

«እሺ፣ አንተ አጭበርባሪን በምን ነበር የምትለየው?»

«ያጣድፋል። ለቤተሰብሽ አትንገሪ ይላል። ሲጠይቁት ይቆጣል።»

«እንግዲያው አንተው ፈትናቸው። ተፈታኟ እኔ ብቻ ነኝ ያለው ማነው?»

ይህ ነገር ለእኔም እንግዳ ነበር። በእኛ ዘመን ቀጣሪ ፊት አንገታችንን ደፍተን እንመልሳለን እንጂ መጠየቅ አናውቅም።

ጠያቂዋ ወይዘሮ ፋን በኮምፒውተሩ መስኮት ብቅ አለችና የተበላሸ ፕሮግራም ሰጠቻት፤ ስህተቱንም አብረው ይፈልጉ ጀመር። እመካከሉ ላይ ጂንሹ ቆም ብላ «ይሄን አላውቀውም» አለች።

ልያው ጭኑን መታ። «በቃ፣ አበቃላት!» ብሎ ሹክ አለኝ። ወይዘሮ ፋን ግን «ጥሩ፣ ካላወቅሽ ንገሪኝ፤ አብረን እናየዋለን» ብላ ቀጠለች። በመጨረሻም ጥያቄ እንዳላት ጠየቀቻት።

«እኔ አለኝ!» አለ ልያው አንገቱን አስግጎ። «አባቷ ነኝ። መልሷን ዛሬ ባትሰጥሽስ?»

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባት። ከእርስዎ ጋር ተማክራ ትንገረን፤ አንቸኩልም።»

«አብሯችሁ ያለ ሰውማ ያሞግሳችኋል። ጥሏችሁ የሄደ ሰው ስጪኝ!»

ጂንሹ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ወይዘሮ ፋን ግን ከልቧ ሳቀች፤ ሥራውን ከለቀቁት አንዱንም አስፈቅዳ ስልክ ቁጥሩን ላከችልን።

ከሰዓት በኋላ ልያው ለዚያ ሰው ደወለ፤ ሰውየው ዌንካይ ይባላል።

«ደሞዙ በቀኑ ይገባል» አለ ዌንካይ። «ስሳሳትም የጮኸብኝ የለም።»

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»

«ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማም፣ አባት። ግድግዳ ማናገር ጀመርኩ።»

አሁን ሰበብ አገኘ፣ ከእንግዲህ የሚመልሰው የለም ብዬ ነበር። ልያው ግን ስልኩን ዘጋና «አጭበርባሪ ቢሆኑ ይህን ሰው አይሰጡኝም ነበር» ብሎ መታወቂያውን አውጥቶ በልጁ እጅ ላይ አኖረው።

አንባቢ ሆይ፣ መጠርጠር ነውር አይደለም። ነውሩ ጠይቀን እውነተኛ መልስ ካገኘን በኋላም አሻፈረኝ ማለታችን ነው። ሥራ ፈላጊም ቀጣሪውን ይመርምር፤ የማያውቀውንም አላውቅም ለማለት አይፈር። እንዲህ ሲሆን ሰው ከአገሩ ሳይርቅ ይሠራል፣ ወላጅም ልጁን አጠገቡ ያገኛል። እንደ ብቸኝነቱ ያለውን የሥራውን ጉድለትም ደብቀን ሳይሆን አስቀድመን ተነጋግረን መድኃኒት እንፈልግለት።

ልያው መድኃኒቱን ከእኔ ቀድሞ አግኝቶት ነበር።

«ከግድግዳ ጋር ማውራቱን እናትሽ ከሞተች ወዲህ እኔም አውቀዋለሁ» አላት። «እሱን ለእኔ ተይው። በየቀኑ ቀትር ላይ የክፍልሽን በር አንኳኳለሁ። ሥራ አለብኝ ብትይኝ የዓሣ ሾርባውን ይዤ እገባና ወይዘሮ ፋን እያየች አጎርስሻለሁ።»