ጽዋው ወደ እኛ ሲዞር

ፒያሳ መጋዘን ጠባቂ ሳለሁ፣ የማርያም ማኅበርተኞቻችን ጣናን ጠላ አድርጋችሁ ብትሰጧቸው ጨልጠው «ጨምሩ» የሚሉ ነበሩ። ወር ተራው እኛ ጋ ደረሰ። እኔ ተበድሬም ቢሆን ልደግስ ቆርጫለሁ። ቄሱ ጽዋውን ሊያስረክቡን ሲሉ ግን ባለቤቴ ጥሩወርቅ ቀድማኝ ተነሣች። «አባቴ፣ በደስታ እንቀበላለን። ከደመወዙ ኪራይ፣ እህልና ማገዶ ተነሥቶ የሚተርፈን ግን ለንፍሮ ብቻ ነው። በንፍሮና በውሃ እንዘክራለን።»

ከእፍረቴ የወረደኝ ላብ የአንገረብን ወንዝ ይሞላ ነበር። ቄሱ «ማርያም መቼ ከዚህ በላይ ጠየቀች?» ብለው ጽዋውን ሰጧት። ይሄኔ አምና ሰንጋ ጥለው ያበሉን አያ በላይ ከጥግ ሆነው «ምነው ልጄ፣ ምነው አምና በተናገርሽ!» አሉ። «ያቺን በቅሎዬን ለድግሱ ብዬ ነው የሸጥኋት።»