የጓንጉል ለቅሶ

(ከመንደሩ በላይ፣ በወይዘሮ ዝማም የገብስ ማሳ ዳር፤ አስጎብኚው ደርበው የኔትወርክ ታወር እንዲተከልበት ማሳውን ሲለምናት አርፍዷል።)

ዝማም፦ አልሰጥም አልኩህ እኮ! ጆሮህን ምን ደፈነው?

ደርበው፦ እትዬ ዝማም፣ ቀያሾቹ ከዚህ ሌላ ቦታ አይሆንም ብለዋል። ኔትወርክ ከሌለ ማን ያገኘናል? ያለኝን ሁሉ ያፈሰስኩት እንግዳ ማረፊያው ላይ ነው፤ ባዶውን ሊቀር ነው።

ዝማም፦ ይቅራ! ሸረሪት ያድራበት።

ደርበው፦ ምን በደልኩዎት?

ዝማም፦ ጭራሽ ምን በደልኩ? የባሌን ለቅሶ ቀርጸህ፣ ከተማ ወርደህ፣ ዘፈን ጨምረህበት «የመንደራችን ባህላዊ ጭፈራ» ብለህ የለቀቅከው አንተ አይደለህም? ልጄ ደሴ ሆና አየችው። እናቷ በአባቷ ሬሳ ፊት ስትዘል፣ አገር ምድሩ ሲስቅባት!

ደርበው፦ ፈረንጆቹ ይወዱታል ብዬ ነው። መንደራችንን ላስተዋውቅ...

ዝማም፦ ወደዱትማ! አርባው ሳይወጣ ደጄ ድረስ እየነዳህ አመጣሃቸው። ፊቴን ነጭቼ፣ ጥቁር ለብሼ በተቀመጥኩበት «እስኪ አንዴ ዝለይልን» አሉኝ። ቆመህ ያስተረጎምክላቸውም አንተ ነህ።

ደርበው፦ አጥፍቻለሁ። እግርዎ ላይ ልውደቅ።

ዝማም፦ እግሬን ተወው። ደረትህን ምታ።

ደርበው፦ እ?

ዝማም፦ ማሳውን ትፈልግ የለ? ጓንጉልን አልቅስልኝ። ልጅ ሆነህ በበቅሎው እያፈናጠጠ ገበያ የሚወስድህ እሱ ነበር። በቀብሩ ቀን ስልክህን ይዘህ ስትዞር አንዲት እንባ አላወጣህለትም።

ደርበው፦ እሺ... ዋይ ጋሼ ጓንጉል! ዋይ!

ዝማም፦ ዝለል እንጂ! እኔ እንዲያ ነው የዘለልኩት?

ደርበው፦ ዋይ ጋሼ! ዋይ የድሃ አለኝታ!... እትዬ፣ ስልኩን ለምን አነሱት?

ዝማም፦ ልጄ ናት የላከችልኝ። መቅረጹንም አሳይታኛለች። አታቋርጥ፣ ገና አሁን አማረብህ።

ደርበው፦ ኧረ በእመቤቴ! ሰው ቢያየኝ ምን እሆናለሁ?

ዝማም፦ እኔ የሆንኩትን። ዝለል!

ደርበው፦ ዋይ! ዋይ ጋሼ!... በቃ፣ ትንፋሼ አለቀ። አሁንስ ማሳውን ይፈቅዱልኛል?

ዝማም፦ እሱንማ ትናንት ቀበሌ ወርጄ ፈርሜያለሁ። ኔትወርክ ላንተ ብቻ ነው እንዴ የሚያስፈልገው? እኔም የምለቀው ቪዲዮ አለኝ።