አንድ ፍሬ ከአጥሬ አይወጣም፦ ለሊዮኒ ኖስኬ ስንብት

የተከበሩ ፓስተር ሄንሽኬ፤ የሟች ልጅ ቲልዳ፤ የዋርናላ ሰዎች፤ ሩቅ መንገድ ነድታችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ኪረን ድሪው እባላለሁ። የእህል በሽታ ተመራማሪ ነኝ። ከአደሌድ ወደዚህ የመጣሁት ለአንድ የዘር ወቅት ነበር። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቲልዳ በቀብሩ ላይ እንድናገር ስትጠይቀኝ «አታለሳልሰው፤ እናቴ ለስላሳ ሰው አልነበረችም» አለችኝ። አላለሳልሰውም።

ስለ ሊዮኒ በዚህ ወረዳ ብዙ ተብሏል። ተመራማሪዎቹ አታለሏት ተብሏል። እህላችንን ልታበላሽ ነው ተብሏል። ቆይቶ ደግሞ መድኃኒቱን በእጇ ይዛ ከለከለችን ተብሏል። ይህን ያሉ ሰዎች እዚህ ቆመዋል። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ሳጥኗን ተሸክማችኋል። ልወቅሳችሁ አልመጣሁም። የሆነውን ግን እንደሆነው እናገራለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ቦት ጫማዋን ነው። የቀረው አካሏ መዝሪያ ማሽኑ ሥር ነበር። በዚያ ሳምንት ስድስት ገበሬዎች በራቸውን ዘግተውብኛል፤ እሷ ሰባተኛዋ ነች።

«ማነው?» አለች ከሥር።

«ኪረን እባላለሁ፤ ከምርምር ጣቢያ ነው የመጣሁት። ካስቸገርኩዎት ይቅርታ...»

«እርስዎ የሚለውን ለፓስተሩ ተውና አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ።»

አሥራ ሰባት ቁጥር አቀበልኳት። መልሳ በእግሬ ሥር ወረወረችው።

መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ ለቦት ጫማዎቹ አስረዳሁ። ቢጫ ዋግ የሚባለውን ፈንገስ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስንዴያችን ውስጥ ያስገባነው ነገር ግን እንደሚረጨው መድኃኒት ፈንገሱን አይመርዝም አልኳት። ፈንገሱ ከቅጠሉ ምግብ ሲስብ፣ ስንዴው የሠራትን አንዲት ቁራጭ መልእክት አብሮ ይስባል። መልእክቷ ፈንገሱ ለመመገብ የግድ የሚያስፈልገውን አንድ ዘረመል ዝም ታሰኛለች። ያ ዘረመል ዝም ሲል ፈንገሱ ቅጠሉ ላይ እንደተቀመጠ ይራባል።

ተንፏቃ ወጣች። ፊቷ ግራሶ በግራሶ ነበር።

«አፉን ታስይዙታላችሁ ማለት ነው።»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«ከተሳካላችሁ ባሪ ትሬሎርንም ሞክሩት» አለችና ወደ ጎረቤቷ አጥር በአገጯ አመለከተችኝ።

ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። «ባሌ ሮልፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፀረ ፈንገስ ረጭቷል። ሳንባው ሲታመም ሐኪሞቹ ምክንያቱ እሱ ነው አላሉኝም። አይደለምም አላሉኝም። አሁን መርጫው ላይ የምትቀመጠው ልጄ ናት። ስንት ነው የምትፈልገው መሬት?»

ሁለት ሄክታር አልኳት። ሁለት ሄክታር ሰጠችን፤ በድርብ አጥር።

ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ባሪ፣ ከዛፉ ሥር ቆመህ አይሃለሁ። ይህን እንዳነሳ ትናንት ፈቃድህን ስጠይቅህ «ያልኩትን እንዳልኩት ተናገር» ብለኸኛል። እናገራለሁ።

«ከሷ ማሳ አንድ ፍሬ ወደኛ ቢሻገር» አልክ፣ «ዘረመሉ የተለወጠ ነው ተብሎ የወረዳውን ስንዴ የሚገዛን አይኖርም። በአንዲት ሴት ግትርነት አርባ ቤተሰብ ይበተን?»

ተጨበጨበልህ። እውነቱን ለመናገር ስጋትህ የሞኝ ስጋት አልነበረም።

ሊዮኒ ተነሳች። በዚያው ሳምንት ስሟን ከአዳራሹ የሻይ ተረኞች ዝርዝር ላይ ሰርዘውት ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ካገለገለች በኋላ። እሷ ግን እንደ ተረኛ ኬኳን ጋግራ፣ ቸኮሌቱን ቀብታ፣ ኮኮናቱን ነስንሳ፣ ትሪዋን ይዛ መጥታለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዱቄቱ የሱቅ ነው» አለች። «ብሉ።»

ማንም አልነካውም። ፓስተር፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የበሉት። ሦስት በልተዋል፤ አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ባሪ ዞረች። «የጠየቅከው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ይኸውልህ። አንድ ፍሬ ከአጥሬ አይወጣም። ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የፈረምኩት ወረቀት አለ፤ እሱን እርሱት። ቃል የምገባው ለናንተ ነው፣ እዚህ ቆሜ። ከወጣ እርሻዬን ሸጬ እሄድላችኋለሁ። ካልወጣ ግን ሰላም ትሰጡኛላችሁ።»

ሰላም ሰጣችኋት? አልሰጣችኋትም። መንገድ ዳር የተተከለውን የፖስታ ሳጥኗን በፒክአፕ ገጭተው ጣሉት። አቆመችው። ደግመው ጣሉት። ሦስተኛውን ጊዜ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ ብረት ቆርጣ፣ በሲሚንቶ ተከለችው። ከዚያ በኋላ የተጎዳው ፒክአፑ ነው። በማግስቱ ማን መኪናውን ጋራዥ እንዳስገባ ሁላችንም አወቅን። እሷ ግን አንድም ቀን ስሙን አላነሳችም። ዛሬም እኔ አላነሳውም።

በሦስተኛው ዓመት ያ ዝናባማ ጸደይ መጣ። ታስታውሱታላችሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መሬቱ መርጫ አልሸከምም አለ። ትራክተር ሁሉ እስከ መንኮራኩሩ ወገብ ሰመጠ። ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ መድኃኒቱ ከሱቅ አለቀ። ማሳ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ሱሪያችን በዋጉ ዱቄት እስከ ጉልበት ቢጫ ነበር። ውሾቻችን ሳይቀሩ ቢጫ ሆኑ። በዚያ ዓመት ሁለት ቤተሰብ ከዚህ ወረዳ ለቆ ሄደ። ስማቸውን ታውቃላችሁ፤ ዛሬም የልጆቻቸው የእግር ኳስ መለያ ክለቡ ውስጥ ተሰቅሏል።

የሊዮኒስ? ሰዎች የሚረሱት ይህን ነው። የሊዮኒ መደበኛ ስንዴም እንደናንተው በዋግ ነደደ። ስድስት መቶ ሄክታር። ከዚያ ስድስት መቶ ሄክታር መካከል፣ በድርብ አጥር ውስጥ፣ ሁለት ሄክታር አረንጓዴ ቆሞ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ሁለቱን ጎን ለጎን እያየች ትቆም ነበር።

ባሪ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አጥሩ መጣ። እኔ ውስጥ ሆኜ ቅጠል እመረምር ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁ። ባሪ ኮፍያውን አውልቋል።

«ሊዮኒ፣ አንድ ባልዲ ዘር። ለከርሞ የሚሆነኝ ብቻ። ማንም አያውቅም።»

«አንተ ታውቃለህ» አለችው። «አንተ ካወቅክ ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል።»

አልሳቀም። «ከብቶቼን ሸጬ ጨርሻለሁ። እየለመንኩሽ ነው።»

«አየሁህ። እኔስ ያንተን ያህል አላጣሁም? ግን ያን ቀን ቃል የገባሁት ለማን ነው? ላንተ ነው፣ ባሪ። አሁን መጥተህ ላንተ የገባሁትን ቃል እንዳጥፍልህ ትለምነኛለህ። አላጥፍም።»

ተሳድቦ ሄደ። ስድቡን አልደግመውም፤ ፓስተሩ ቆመዋል።

የሙከራው ፈቃድ የሚለው ግልጽ ነበር። ለምርመራ ከሚወሰደው ናሙና በቀር፣ የበቀለው ሁሉ እዚያው ይቃጠላል። የሰደድ እሳት ወቅት ስለነበር ያለ በጎ ፈቃደኛው የእሳት አደጋ ብርጌድ ክብሪት መጫር አይቻልም። የብርጌዱ አለቃ ማነው? ባሪ ነው። የውሃ ቦቴውን ይዞ መጣ፤ ሰላምታ አልሰጠንም፤ ቦቴው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

አሁን የምናገረውን ለአለቆቼ ተናግሬው አላውቅም። እዚህ መካከላችሁ ካሉ ይስሙኝ። ናሙናውን አሽጌ ከጫንኩ በኋላ አራት ዛላ ኪሴ ከተትኩ። ለምን? መጋዘኑ ቢቃጠልስ ብዬ። ፈቃዱ ቢሰረዝስ ብዬ። ለባሪም ስላዘንኩ። ከላብራቶሪ ጀምሮ የዘጠኝ ዓመት ሥራዬ በደቂቃ አመድ ሲሆን ማየት አልቻልኩም።

ሊዮኒ ክብሪቱን ይዛ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ኪስህን ገልብጥ።»

«ሊዮኒ፣ አራት ዛላ ናት።»

«አራት ዛላ ሁለት መቶ ፍሬ ነው። እኔ አንድም አይወጣም ነው ያልኩት። ገልብጥ።»

ገለበጥኩ። እንደ ተማሪ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ ባሪ ከላይ እያየኝ፣ ሁለቱንም ኪሴን ገለበጥኩ። የጨርቁን ስፌት ሳይቀር በጣቷ ጠረገችው። ከዚያ ክብሪቱን ጫረች።

ሊዮኒ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ከጭሱ ፊቷን አላዞረችም፤ ጭሱ ነው ያስለቀሳት እንድንል። አልን።

መጀመሪያ የጠሏት ስለዘራች ነው። ከዚያ ስላቃጠለች ጠሏት። ቃሏን ግን አላጠፈችም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ቃሏን አላጠፈችም። ሁለት ወር ቆይቶ ተቆጣጣሪዎች ሳይነግሩን መጡ፤ ዘር አስወጥታለች የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። ማን እንደጻፈው አላውቅም። ማሳዋን፣ ጎተራዋን፣ የኮምባይነሯን ሆድ፣ የመኪናዋን ምንጣፍ ሳይቀር ፈተሹ። ከጎረቤቶቿ ማሳ ናሙና ወሰዱ። ምን አገኙ? ምንም። አራቱ ዛላ ኪሴ ውስጥ ቀርተው ቢሆን ኖሮ ምን ያገኙ ነበር? እስቲ አስቡት። ያኔ ሥራው አብቅቶለት ነበር። የኔም የናንተም ተስፋ አብሮ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ በታመመ ዳሌዋ፣ ባዶውን ማሳ በጉልበቷ እየዳኸች አሰሰችው። ሳይዘራ የበቀለ ስንዴ ስታገኝ ነቅላ ትደውልልኝ ነበር። «አምስተኛው ተያዘ» ትለኛለች። «ስምንተኛው ተያዘ።» በጠቅላላው ዘጠኝ አገኘች። ሁለተኛው ፈቃድ፣ ሰፊው ፈቃድ፣ የመጣው በዚያ ንጹሕ ማሳ ምክንያት ነው። በኔ የምርምር ጽሑፍ ምክንያት እንዳይመስላችሁ።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ልቧ ቆመ። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለሦስተኛው ሙከራ፣ ለሃያ ሄክታሩ፣ ማሽኖቿን እያዘጋጀች ነበር። ሐሙስ ዕለት ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። የመሬቱ ባለቤት በሕይወት ስለሌለች፣ የአካባቢው ስሜትም ስለሚታወቅ፣ ሙከራው ለጊዜው ቢቆም ይሻላል ይላል።

የአካባቢው ስሜት። ደብዳቤውን የጻፉት ሰዎች ዋርናላን በካርታ ላይ ነው የሚያውቋት። ስለዚህ ስሜቱን ልንገራቸው።

አዲሱ ፈቃድ ከአጥሯ ውጭ ሁለት መቶ ሜትር ስንዴ የማይዘራበት መሬት ይጠይቃል። ያ መሬት የባሪ ትሬሎር ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ባሪ ቢሮዬ መጣ። ሳይቀመጥ «ወረቀቱ የታለ?» አለኝ። አሳየሁት። አንብቦ ፈረመ።

«ታምንበታለህ ማለት ነው?» አልኩት።

«በዚያ ስንዴ አላምንም» አለኝ። «እሷን ግን አምናታለሁ። ኪስህን ስታስገለብጥህ እዚያ ነበርኩ።»

ሥራው ተጠናቋል አልላችሁም። ዋጉ ማምለጫ መንገድ ሊፈልግ ይችላል፤ ብልህ ጠላት ነው። መንገድ ካገኘ ሌላ ዘረመል እንፈልጋለን። ያንንም ዝም እናሰኛለን። ፈቃድ ከከለከሉን እንደገና እንጠይቃለን። ሊዮኒ ኖስኬ ስለሞተች ያበቃለታል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ እዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ እነግረዋለሁ፦ አያበቃም።

ሊዮኒ፣ አንቺን ላነጋግርሽ። ለዚህ ወረዳ ያደረግሽውን ብዙዎቻችን በሕይወት ሳለሽ አልነገርንሽም። እኔም አልነገርኩሽም፤ ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ይኸው ዛሬ ሰዉ ሁሉ ባለበት ተናገርኩት። ቲልዳ ትናንት መዝሪያውን አስነስታ ፈትሻዋለች፤ በደንብ ይሠራል። የደብዳቤውንም መልስ ጽፈናል፤ አራታችን ፈርመናል፤ ከፈረሙት አንዱ ፓስተርሽ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ዘነበም ቀረም፣ እንዘራለን።

ደህና ሁኚ፣ ሊዮኒ። እኛ ሥራ አለብን።